ነጻ የኤሌክትሮን ጥንዶችና የሞለኪዩል ቅርጽ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በኬሚስትሪ መጽሐፋችን «ሎን ፔር» ተብሎ የሚጠራው ነገር ነው። ከወላጆቻችን አንዳንዶቹ፥ «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? ለፈተና የሚያጠኑት ልጆቹ አይደሉምን?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ከሮቤ የስንዴ ማሳ፥ ከጎባ የከብት በረት፥ ከሳነቴ ውርጭና ከሶፍ ዑመር ዋሻ ጋራ የተያያዘ ስለሆነ፥ ጥቂት ታግሣችሁ እንድታደምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በዙሪያችን የምናየው ነገር ሁሉ ከአቶም የተሠራ መሆኑን ተምረናል። አሜሪካዊው ሊቅ ጊልበርት ሉዊስ በ1916 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዳስረዳው፥ ብዙውን ጊዜ ሁለት አቶሞች የሚተሳሰሩት አንድ ጥንድ ኤሌክትሮን በጋራ ሲይዙ ነው። ይህን የጋራ ጥንድ እንበለው። ነገር ግን አንዳንዱ አቶም ለማንም ሳያጋራ ለራሱ ብቻ የሚያስቀረው ጥንድ አለው፤ ይህንንም ነጻ ጥንድ እንለዋለን። ነጻ ጥንድ ሌላ አቶም ስላላሰረ፥ ሞለኪዩሉን በምንሥልበት ጊዜ ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ይሁን እንጂ ቦታ ይይዛል፤ ቦታ በመያዙም ጎረቤቶቹን ይገፋል።

ሲጅዊክና ፓወል የተባሉ እንግሊዛውያን በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሞለኪዩል ቅርጽ ከኤሌክትሮን ጥንዶች ቁጥር ጋራ የተያያዘ መሆኑን አሳዩ። በ1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ጊለስፒና ናይሆልም ይህን አሳብ አስፍተው ደንብ አደረጉት። ደንቡም አጭር ነው፤ በአንድ አቶም ዙሪያ ያሉ ጥንዶች በተቻላቸው መጠን እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ፤ ነጻው ጥንድም ከጋራው ጥንድ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል።

መራራቁን በዓይን ለማየት የሚሻ ተማሪ አራት ፊኛዎች ነፍቶ በአንገታቸው አንድ ላይ ይሰራቸው። ፊኛዎቹ እንደ መስቀል ተዘርግተው አይተኙም፤ ሦስቱ ወደ ታች እንደ ጉልቻ ተራርቀው አንዱ ወደ ላይ ይቆማል። አራት ጥንዶችም እንዲሁ ይሆናሉ።

ነጻው ጥንድ ሰፊ ቦታ የሚይዝበትን ምክንያት ደግሞ ፈረስ የሚያረባ የባሌ ሰው በቶሎ ይረዳዋል። ግራና ቀኝ በሁለት ችካል የታሰረ ፈረስ በጠባብ ቦታ ይወሰናል፤ በአንድ ችካል ብቻ የታሰረው ግን ዙሪያውን ሁሉ ይግጣል። የጋራው ጥንድ ሁለት አቶሞች ከሁለት ወገን የሚስቡት ነው፤ ነጻው ጥንድ የሚሳበው በአንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሦስት የታወቁ ነገሮችን እናስተያይ። ከብት ሲያመሰኳ ከሆዱ የሚወጣው ሜቴን በካርቦኑ ዙሪያ አራት የጋራ ጥንዶች አሉት፤ ነጻ ጥንድ የለውም፤ ስለዚህ በሃይድሮጅኖቹ መካከል ያለው ማእዘን 109.5 ዲግሪ ነው። በበረት ውስጥ አፍንጫ የሚሰነፍጠው አሞንያ ሦስት የጋራ ጥንዶችና አንድ ነጻ ጥንድ አሉት፤ ነጻው ጥንድ ስለሚገፋ ማእዘኑ ወደ 107 ዲግሪ ይጠብባል። ውሃ ሁለት የጋራና ሁለት ነጻ ጥንዶች ስላሉት ማእዘኑ ወደ 104.5 ይወርዳል። ሦስቱም አራት አራት ጥንድ ይዘው ሳለ ቅርጻቸውን የለየው ነጻው ጥንድ ነው።

ደንቡ ቅርጹን ይነግረናል እንጂ የማእዘኑን ቁጥር በትክክል አያሰላም። የውሃ ዘመድ የሆነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንደ ውሃ የታጠፈ ነው፤ ማእዘኑ ግን 92 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በመለኪያ መሣሪያ ይታወቃል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመካከሉ ባለው ካርቦን ላይ ነጻ ጥንድ ስለሌለ ቀጥ ያለ ነው። በግራና በቀኝ ያለው ስበት ይጣፋል። ውሃ ግን የታጠፈ በመሆኑ አንዱ ወገኑ ኔጌቲቭ፥ ሌላው ፖዚቲቭ ይሆናል፤ ጨውን የሚያሟሟውም በዚህ ምክንያት ነው። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ የውሃ ሞለኪዩል በሁለቱ ሃይድሮጅኖችና በሁለቱ ነጻ ጥንዶች አራት ጎረቤቶችን ይይዛል፤ በመካከላቸውም ባዶ ቦታ ይቀራል። ስለዚህ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 ያህል ይጨምራል። ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በሳነቴ በውርጭ ሌሊት ኩሬ ከላይ የሚረጋው፥ በረዶውም የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው።

ከባሌ ተራሮች የሚፈልቀው የወይብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ከኖራ ድንጋይ ውስጥ ፈለፈለ። ውሃው ድንጋዩን የሚያሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀላቀልበት ነው፤ በዚያ ጊዜ የውሃው ነጻ ጥንድ ካርቦኑን ይይዝና ደካማ አሲድ ይሠራል። ይህን የመሰለ ታላቅ ዋሻ በእንዲህ ያለ ጥቃቅን ሥራ ተቦርቡሯል።

ከሁሉ ይልቅ ለወላጆቻችን የሚጠቅመው የማዳበሪያው ነገር ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከክብደቱም ከመቶ 46 ናይትሮጅን ነው። ማሳ ላይ ሲወድቅ በአፈር ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ሕያዋን አማካይነት ተመልሶ አሞንያ ይሆናል። አፈር ሳይለብስ በእርጥብ መሬት ላይ ተበትኖ ፀሐይና ነፋስ ካገኘው፥ አሞንያው ተንኖ ይጠፋል። ያ ሽታ በበረት የምናውቀው ሽታ ነው፤ በማሳ ላይ ግን የሚሸተው ገበሬው በግ ሸጦ የገዛው ገንዘብ ነው።

አፈር ቢለብስ ወይም ጥሩ ዝናም ወደ ውስጥ ቢያሰርገው ግን የአሞንያው ነጻ ጥንድ ከአፈሩ ርጥበት አንድ ፕሮቶን ይቀበላል። ያን ጊዜ ነጻ የነበረው ጥንድ የጋራ ይሆናል፤ ማእዘኑም ተመልሶ 109.5 ይሆናል። ስሙም አሞንየም ይባላል። አሞንየም ፖዚቲቭ ስለሆነ ኔጌቲቭ በሆኑት የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ላይ ተጣብቆ የስንዴውን ሥር ይጠብቃል። ስለዚህ ዩሪያን አፈር ማልበስ የግብርና ሠራተኛ ብቻ የሚናገረው ምክር አይደለም፤ የኬሚስትሪም ፍርድ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ «ውሃ የታጠፈ፥ አሞንያ ፒራሚድ» እያልን ብቻ ብንሸመድድ ትምህርቱ ከፈተናው ማግሥት ይጠፋል። ይልቁንስ በመካከሉ ያለውን አቶም እንፈልግ፤ ጥንዶቹን እንቍጠር፤ ከእነርሱም ነጻዎቹን እንለይ፤ ቅርጹ ራሱ ይወጣል። ማታ ከቤት ስንገባም ለምን ዩሪያ አፈር መልበስ እንዳለበት ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን እንንገራቸው። ለትምህርታችን የከፈሉት እነርሱ ናቸውና፥ ከፍሬው አስቀድመው መቅመስ የሚገባቸውም እነርሱ ናቸው።