በዐረብኛ ፊደል የተጻፈው አማርኛ
(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን ከተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «የሃይማኖት ትምህርትንና የብሔረሰቦች ጥናትን እንዴት አንድ ላይ አስኬድካቸው?» ብለው እንድናገር ጠይቀውኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ዘመን አላስኬድኳቸውም። ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚህ ግቢ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ባህል አስተምራለሁ፤ እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሁለቱ አይተዋወቁም ነበር። ያስተዋወቃቸው የራሴ ጥፋት ነው።

እኔ ደበሎ ለብሼ፣ ቁራሽ እንጀራ ለምኜ፣ ከመንደር ውሻ ጋር ታግዬ ቅኔ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ጉባኤ ቃና አልሞላ ብሎኝ ያነጋሁትን ሌሊት እኔ አውቃለሁ። ስለዚህ «የአገር ትምህርት» ሲባል ትዝ የሚለኝ የቤተ ክህነቱ ብቻ ነበር።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የወሎ ልጅ የአያቱን ደብተር ይዞ ቢሮዬ መጣ። ገለጥ አደረግሁት፤ ዐረብኛ ነው። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ፈልግ» አልኩት። «እሺ መምህር» ብሎ ደብተሩን በነጠላ ጠቅልሎ ወጣ።

ከዓመታት በኋላ ደሴ አካባቢ ለጥናት ወርጄ አንድ ሽማግሌ ሼህ ከእንዲያ ዓይነት ደብተር ሲያነቡ ሰማሁ። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። አማርኛ ነው! ዐጀሚ ይባላል፤ ፊደሉ የዐረብ፣ ቋንቋው የኛ። ሼህ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሳሰሉ ሊቃውንት የአማርኛ መንዙማቸውን በዚሁ ጽፈዋል። ዐረብኛ ለ«ጨ» ፊደል የለውም፤ ጸሐፊዎቹ ካለው ፊደል መላ ይፈጥራሉ።

ሼሁን ስለ ደረሳ ኑሮ ጠየቅኋቸው። ሉሑን፣ ከአገር አገር መዞሩን፣ ደረሳውን የሚያበላውን መንደር ነገሩኝ። «እናንተንስ ውሻ ያስቸግራችሁ ነበር?» ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ኮርሱን ለወጥኩት። የቅኔ ቤቱና የደረሳው ትምህርት ጎን ለጎን ገቡ። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖም ገቡ፤ በልጅነታቸው ለባርነት ተሸጠው ነፃ የወጡ ሁለት ሰዎች የደከሙበት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ሲታተም ፊደሉ የግእዝ ነበር። አስቴር ደግሞ የሕዝቡን ዘፈንና ተረት ሰብስባለች። ይኼ የሃይማኖት ትምህርት ነው ወይስ የብሔረሰብ ጥናት? ክፍል ውስጥ ይህን ጠይቄ እወጣለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤትም ይህንኑ ባነሳ ቅር ያላቸው አባቶች ነበሩ፤ ጥቂቶቹ ዛሬም ቅር እንዳላቸው ነው።

ያን ተማሪ ግን አላገኘሁትም። ስሙን አልያዝኩም፤ የያዝኩት የነጠላውን ጥለት ብቻ ነው። ዛሬ ከመካከላችን ካለህ ሻይ ላይ ጠብቀኝ። ደብተሩ ካለ አብረን እናንብበው፤ ከሌለም ይቅርታዬን ፊት ለፊት ልንገርህ።