የቪዛ መዘግየትና የጎረቤት ግዴታ



እዚሁ አቦከር ባሏ አሜሪካ ያለ አንዲት ልጃችን አለች። አዲስ አበባ ከኤምባሲው 221 ጂ የሚባለውን ወረቀት ይዛ ብትመለስ «ተከለከለች» ተብሎ ተወራ። ብዙ ጊዜ ግን ወረቀቱ ማስረጃ ጎደለ ወይም ምርመራ አላለቀም ማለት ነው። የተጠየቀው ማስረጃ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ እንደገና ማመልከትና መክፈል ይመጣል።

በጸሐፊነት ስሠራ ያየሁትን ልናገር። ኒካሕም ይሁን ተክሊል፣ ጋብቻችሁን በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ፤ ይህ ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በፓስፖርቱ «መሐመድ»፣ በጋብቻው ወረቀት «ሙሐመድ» ከተባለ ጉዳዩ ይጓተታል።

ልጅቱንም በየለቅሶው «መቼ ነው የምትሄጂው?» አንበላት። ቡና እንጥራት። ዕድር ለቀብር ብቻ አይደለምና።