ልጆቻችን ያንብቡልን
(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከቁጠባና ብድር ሪፖርቱ ቀጥሎ ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ስላሉ ልጆቻችን ልንነጋገር ወደድን። በእነዚህ ክፍሎች ትምህርቱ ሁሉ በንባብ ይመጣል። ሂሳቡ እንኳ ተነብቦ መገባት ያለበት ጥያቄ ይሆናል። ፊደል ቆጥሮ አቀላጥፎ የማያነብ ልጅ ወደ ኋላ መቅረት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

“የቤት ሥራህን ሠራህ?” ብለን ሁላችንም እንጠይቃለን። “ዛሬ ምን አነበብክ?” የምንል ግን ጥቂት ነን። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቤት ሥራ መምህሩ ያስተማረውን ያጠናክራል። ልጁ ወዶ የመረጠው መጽሐፍ ደግሞ ቃላት ይጨምርለታል፣ ማንበብን ያስለምደዋል። የቤት ሥራ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀረው ይኸው ንባብ ነው። በአሜሪካ ብዙ ትምህርት ቤቶች በክፍሉ ቁጥር ልክ 10 ደቂቃ እየቆጠሩ የቤት ሥራ ይሰጣሉ፤ ለ4ኛ ክፍል 40፣ ለ6ኛ ክፍል 60 ደቂቃ ያህል ማለት ነው። የእኛ ልጆች ከዚህ በጣም ካለፈባቸው ለመምህሩ እንንገር። ደብተሩን ለታላቅ እህት ሰጥቶ ማስጨረስ ግን አይጠቅምም፤ መምህሩ ልጁ ያልገባውን የሚያውቀው ከስህተቱ ነው።

“ሳንማር እንዴት እናስጠናለን?” የሚሉ እናቶች አሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ማዳመጥ ትችላለች። ቡናው እስኪፈላ “እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ” ማለት በቂ ነው። ከዚያ ታሪኩ ስለ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ቀጥሎስ ምን የሚሆን እንደሚመስላት እንጠይቃት። መጽሐፍ ከሌለ የምናውቀውን ተረት እንንገራቸው፤ በደብተር ጽፈው መልሰው ያንብቡልን።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። በብዙ ቤት ወንዱ ደብተሩን ሲዘረጋ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ታናሿን ታዝላለች። ደብተሯን የምትከፍተው ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ሲከደን ነው። ከዚያ “ሰነፍ ናት” ትባላለች። የቤቱ ሥራ ለወንዱም ይድረሰው፤ የንባቡ ሰዓት ለሴቷም ይከበርላት። ማህበር የመሠረትነው የሴት ድርሻ እንዳይቀር ከሆነ ከቤታችን እንጀምር።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በየቤታችን ማታ ማታ 20 ደቂቃ ቴሌቪዥንና ሞባይል ተዘግቶ ይነበብ። ሁለተኛ፣ ማህበራችን የመጽሐፍ ሣጥን ይኑረው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለአዲስ አበባ ልጆች ትልቅ ነገር ነው፤ የታክሲ ሒሳብ ግን በየቀኑ አይገኝም። እኛ ገንዘብ እንደምንበደር ልጆቻችን ከሣጥኑ መጽሐፍ ይበደሩ፤ ወለዱም ያነበቡትን ለሌላ ልጅ መተረክ ይሁን።

ደጋፊዎቻችን ለዕድሜያቸው የሚሆን የአማርኛ ተረትና ታሪክ መጽሐፍ ብታግዙን ሣጥኑ ቶሎ ይሞላል። እናንተ እናቶች ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ወንዶቹንም ሴቶቹንም።