ስለ አሮጌዋ ቫናችንና ስለ ደበቅኩት ስህተት

(ባለፈው ወር በእሁድ ስብሰባችን ላይ በአንዲት አባላችን የተደረገ ንግግር። ፈቃድ አጥተው ላልመጡ እህቶች እንዲደርስ ብላ በጽሑፍ ሰጥታናለች።)

እህቶቼ፣  ኮሚቴው «ስለ መኪናዋ ትንሽ ንገሪን» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ንግግር አልለመድኩም፣ ትምህርቴም ከአስረኛ ክፍል አላለፈም። ግን ሁለት ዕዳ አለብኝ። አንዱ የተማርኩትን ማካፈል ነው። ሌላው ደግሞ ከእናንተ የደበቅኩትን መናገር ነው። ሁለቱንም ዛሬ እከፍላለሁ።

ቫኗን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ከላይ ነጭ ከታች ብርቱካንማ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ፣ እ.ኤ.አ. የ1972 ቮልስዋገን ናት። የኛ አይደለችም፣ የአሞ ናት። ድሮ አትክልት ያመላልሱባት ነበር። ሰው ሁሉ በተቸገረበት ጊዜ «ቤንዚን ከሞላችሁ እኔ እነዳለሁ» ብለው ምግብ ለእህቶቻችን ያደረሱልን፣ የታመመ ሐኪም ቤት የወሰዱልን እሳቸው ናቸው። እኛ አገር ቮልስ ሲባል ያቺ ኤሊ የምትመስለው ትንሿ መኪና ናት። ቫኗና ኤሊዋ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የሁለቱም ሞተር ውሃ አይፈልግም፣ በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው። እኔ ከትምህርት ከወጣሁ በኋላ ዓመት ከምናምን በወንድሜ ጋራዥ ካቻቢቴና ፒንሳ ሳቀብል ስለቆየሁ የቮልስ ሞተር ድምፁንም ጠረኑንም አውቀዋለሁ።

አምና ክረምት ላይ መኪናዋ አስቸገረች። ጠዋት አትነሳም፣ ዳገት ላይ ታስላለች፣ መብራት ላይ ቆማ ትጠፋለች። አሞ «ፕላቲኑ ነው» አሉ። ፕላቲን ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ።

ቤንዚን ሞተር ውስጥ የሚቀጣጠለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። እዚህ ቡጂ የሚሉት ማለት ነው። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ብልጭታ አይሠራም። ስለዚህ ቦቢና የሚባል ጣሳ የሚመስል ዕቃ አለ። ውስጡ በመዳብ ሽቦ የተጠመጠመ ነው። ኤሌክትሪኩ በቦቢናው ሲያልፍ ቆይቶ ድንገት ሲቋረጥ፣ በዚያች ቅጽበት እስከ 20 ሺህ ቮልት ይወጣል። ያ ነው የካንዴላው ብልጭታ። የሚያቋርጠው ደግሞ ፕላቲን ነው። ዴልኮ በሚሉት ክብ ዕቃ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ብረቶች ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። በተለያዩ ቁጥር አንድ ብልጭታ።

አሁን አስቡት። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ፕላቲኑ 6000 ጊዜ ይከፈታል። በሰከንድ 100 ጊዜ ማለት ነው! ብረቱ ይቃጠላል፣ ይቦረቦራል። የሚገፋውም ክፍል እየተፋቀ ያልቃል። በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከስልክ ሲም ካርድ ውፍረት እንኳ ያነሰ ነው። ያ ክፍተት ሲዛባ የብልጭታው ሰዓትም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ከፍቶ ማስተካከል ግድ ነው። የአሞ ዓይን ደክሟል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። መካኒክ የሚጠይቀውን ዋጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይህን ሁሉ ያስቀራል። እርስ በርሱ የሚነካካ ብረት የለውም። ማግኔት የተቀበረበት ትንሽ ቀለበት በዴልኮው ዘንግ ላይ ይገባል። ፕላቲኑ በነበረበት ቦታ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ዕቃ ትታሰራለች። ማግኔቱ በፊቷ ሲያልፍ ታውቀዋለች፣ ራሷ ኤሌክትሪኩን ትቆርጣለች። አትፋቅም፣ አትላላም። ይህን ተነጋግረን 14 ሆነን ሁለት ሁለት ዶላር ተኩል አዋጣን። 35 ዶላር ሞላ፣ ዕቃው ተገዛ። እኔም «እኔ እገጥመዋለሁ» አልኩ። እልል ብላችሁልኝ ነበር፣ አስታወሳችሁ?

አገጣጠሙን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ የሚጽፍ ይጻፍ።

መጀመሪያ ፀጉር ይታሰር፣ ሻርፕና ቀለበት ይውለቅ። የሞተሩ ቺንጊያ ሲዞር ሰው አይለይም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሹ ነፃ ይሁን፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል።

ቀጥሎ ቦቢናው ይለካ። የእኛ ዓይነቱ ዕቃ የሚፈልገው ከ3 ኦም ያላነሰ ቦቢና ነው። ካነሰ ብዙ ኤሌክትሪክ ይሳባል፣ ዕቃዋ ትቃጠላለች።

ከዚያ የዴልኮው ክዳን ይነሳ። አራቱን የካንዴላ ገመዶች ከክዳኑ አትንቀሉ፣ እንዳሉ ወደ ጎን አድርጓቸው። የነቀለ ሰው የሚመልሰው 1፣ 4፣ 3፣ 2 በሚለው ተራ ነው፤ ከተሳሳተ ሞተሩ አይነሳም፣ ወይም ይተኩሳል። ከክዳኑ ሥር ያለችውን ተሽከርካሪ አውጡ። ፕላቲኑንና ኮንደንሰሩን ፈትታችሁ አስቀምጡ፣ አትጣሉ። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ። አዲሷን ዕቃ እሰሩ፣ የማግኔቱን ቀለበት እስከ ታች ድረስ ግፉ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ከዕቃው ጋር በሚመጣው ቀጭን ፕላስቲክ ለኩ።

ሁለት ገመድ አላት። ቀዩ ቦቢናው ላይ 15 ከሚለው ጋር፣ ጥቁሩ 1 ከሚለው ጋር። ከተገለበጠ ወዲያው ትሞታለች። 15 ላይ ድሮውኑ የነበሩትን ሌሎች ገመዶች እንዳትነቅሉ፣ የካርቡሬተሩን ቾክ የሚመግቡ ናቸው። ባትሪውን መልሳችሁ አስነሱ። ከዚያ የብልጭታውን ሰዓት በመብራት መለኪያ አስተካክሉ፤ ዕቃው ሲቀየር ሰዓቱም ይንቀሳቀሳልና። የእኛ ሞተር ከጫፉ በፊት 7.5 ዲግሪ ላይ ነው። ሌላ መኪና የራሱ ቁጥር አለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዕዳ ልምጣ።

ያን እሁድ ይህን ሁሉ አደረግኩ። አሞ ቡና ሊያፈሉ ገቡ። እኔ የገመዱን ጫፍ ላሳምር፣ ይህን ላጥብቅ፣ ያን ልጥረግ እያልኩ ቁልፉን ከፍቼ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ረሳሁት። ሃያ ደቂቃ ይሆናል። ቦቢናውን ስነካው ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሞተሩ ሲቆም ዕቃዋ ክፍት ሆና ከቀረች ኤሌክትሪኩ ያለማቋረጥ ያልፍባታል። ሞተሩ ካልተነሳ ቁልፉ ክፍት አይቆይ የሚለው ማስጠንቀቂያ ወረቀቱ ላይ ነበረ። እኔ አላነበብኩትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የአሥራ አራት ሰው ገንዘብ ነበር።

ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። ወደ ሥራ ቤቴ የምመለስበት ሰዓት ደርሶ ስለነበር አሮጌውን ፕላቲን በጥድፊያ መለስኩት። ክፍተቱን በዓይኔ ገምቼ፣ ብሎኑን በደንብ ሳላጠብቅ። ሞተሩ ተነሳ። አሞ ሰምተው «ብራቮ ልጄ» አሉኝ። ለእናንተም «ተገጥሟል» ብዬ መልእክት ጻፍኩ። በልቤ ግን ደሞዝ ስቀበል ሌላ እገዛለሁ፣ ማንም ሳያውቅ እቀይረዋለሁ አልኩ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። አንዷ እህታችን ከጁኒዬ በሌሊት በሆድ ሕመም ስትጮህ ደወሉ፣ አሞ ሄደው አመጧት። መንገድ ላይ ናህር ኤል ከልብ ዋሻ ሳይደርሱ ቫኗ ጠፋች። ያላጠበቅኩት ብሎን ላልቶ፣ ፕላቲኑ ተዘግቶ፣ መከፈት እምቢ ብሎ ነው። ያልተከፈተ ፕላቲን ብልጭታ የለውም። አሞ በዚያ ጨለማ ኤሌክትሮኒክ ነው ብለው ያመኑትን ነገር ምን ብለው ይክፈቱት? ዝናብ እየጣለ አርባ ደቂቃ ቆመው አንድ የታክሲ ሾፌር አዝኖ አደረሳት። ትርፍ አንጀት ነበር። በዚያው ሌሊት ኦፕራሲዮን ሆነች። ዛሬ እዚህ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ ባትቀመጥስ ኖሮ? ይህን እያሰብኩ ያላለቀስኩበት ሌሊት ጥቂት ነው።

እሷን ሐኪም ቤት ሄጄ ነገርኳት። ቀጥሎ ለአሞ ነገርኳቸው። አሞ አልተቆጡም። «ዕቃ ይቃጠላል ልጄ፤ ግን እኔ በማላውቀው መኪና ነው የነዳሁት» አሉኝ። ይህ ቃል ከስድብ በላይ ቆረጠኝ።

ለምን እንደደበቅኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ሰበብ እንዳታደርጉብኝ እንጂ፣ መደበቅን የተማርነው በሥራ ቤት ነው። ብርጭቆ ሲሰበር ከደሞዝ ይቆረጣል። ሸሚዝ ሲቃጠል ጩኸት አለ። ስለዚህ ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልለን ከቆሻሻው ሥር እንከታለን። ያላደረገች ካለች እጇን ታውጣ! አያችሁ፣ ሁላችንም ሳቅን። እዚያ ቤት መደበቅ ራስን ማዳኛ ነው። እዚህ እርስ በርሳችን መካከል ግን የተደበቀ ስባሪ የሚቆርጠው የእህታችንን እግር ነው።

ሁለተኛውን ዕቃ በራሴ ደሞዝ ገዝቼ ገጠምኩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፣ የአረብኛውን ክፍል አሞ አነበቡልኝ። ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ ትነሳለች፣ መብራት ላይ አትጠፋም። ቤንዚን በጣም ይቆጥባል ብዬ አልዋሻችሁም። በደንብ ከተስተካከለ ፕላቲን ጋር ልዩነቱ ትንሽ ነው። ጥቅሙ እንደተስተካከለ መቆየቱ ነው። ጉዳትም አለው። ፕላቲን ቀስ በቀስ እያስጠነቀቀ ነው የሚደክመው፣ መንገድ ላይ በአሸዋ ወረቀት ጠርገኸው ቤት ያደርሳል። ኤሌክትሮኒኩ ግን ከሞተ ሳይናገር በአንዴ ነው የሚሞተው፣ አይጠገንም። አትጣሉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አሮጌው ፕላቲን፣ ኮንደንሰሩ፣ አንድ ካቻቢቴና ያቺ 0.4 የምትለካው ቀጭን ብረት በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ከሾፌሩ ወንበር ሥር አሉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፣ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ከመጨረሴ በፊት ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ።

አንደኛ፣ መኪናዋ ውስጥ ደብተር ይቀመጥ። የነካ ሰው የነካውን፣ ቀኑን፣ ያልጨረሰውን ይጻፍበት። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ ጽፌዋለሁ፣ ያቃጠልኩትም አለበት።

ሁለተኛ፣ የማኅበሩን ዕቃ ሳታውቅ ያበላሸች እህት በዚያው ቀን ከተናገረች ኪሳራው የሁላችን ይሁን። አትቀጣ። ከቀጣናት የሚቀጥለው ሰው ይደብቃል። ስለኔ 35ቱን ዶላር መልሱላት ያላችሁ አላችሁ፣ አመሰግናለሁ፣ አልወስድም። እኔ ደብቄያለሁና ለኔ ይህ ትክክል ነው። ሕጉ ከኔ በኋላ ለምትመጣው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ይህን ሥራ እኔ ብቻ ልወቀው አይገባም። እኔ ነገ ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ እገባለሁ፣ ቫኗ ግን እዚሁ ናት። በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት በኋላ የአሞ በር ላይ ሦስት እህቶች ይምጡልኝ። እጃችሁ ይቆሽሻል፣ ጥፍር ቀለም የተቀባችሁ አስቡበት። ካቻቢቴ ያልያዘች ብትሆኑም ግድ የለም። ስንት ዓመት የሰው ልብስ ማሽን፣ የሰው ምጣድ፣ የሰው ቤት ስናንቀሳቅስ ኖረን የለ እንዴ? አንድ ብሎን አያቅተንም። ማጥበቁን ብቻ እንዳንረሳ።

 በሰላም ግቡ፣ ሰዓት የደረሰባችሁ ቶሎ ውጡ፣ አሞ ሞተሩን አስነስተው እየጠበቁ ነው።