ውርጭ የመታውን እንሰት ከታመመው ስለ መለየት
(ለደጋ እንሰት ተካዮች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው። ይኸውም ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ማግስት፥ የእንሰታችሁን ቅጠል የፈላ ውሃ እንደ ፈሰሰበት ሆኖ ጠቁሮ ባገኛችሁት ጊዜ፥ ቢላዋ ከማንሣታችሁ በፊት ልታደርጉት የሚገባችሁ ምን እንደ ሆነ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በደጋ አገር እንሰት ለመብል እስኪደርስ ሰባትና ስምንት ዓመት፥ ብርዱ በበረታበት ቦታም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ በአንድ ጥዋት ችኮላ የሚጠፋው የብዙ ዓመት ድካምና የቤተ ሰብ ቀለብ ነው።

የእንሰትን አያያዝ ከአባቶቻችሁና ከእናቶቻችሁ ወርሳችኋል። እኔ በእርሻ ኮሌጅ የተማርሁት ይህን ውርስ የሚተካ አይደለም። የምናገረው፥ እጃችሁ የለመደውን ሥራ ምክንያቱን አውቃችሁ እንድትሠሩት ነው።

1ኛ. እንሰት ብርድን የሚችለው እንዴት ነው?

እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተ ሰብ ተክሎች ናቸው። ሙዝ ሙቀት ይወዳል፤ እንሰት ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 እስከ 2,750 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ እጅግ ይስማማዋል። እስከ 3,100 ሜትር ድረስም ይተከላል። ሆኖም ከ2,800 ሜትር በላይ ውርጭ ቅጠሉን እየመታ ዕድገቱን ያቀጭጨዋል። በጉመር፥ በሁላ፥ በጨንቻ ደጋ ያላችሁ ሰዎች ይህን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

የእንሰት ግንድ የምንለው በእውነቱ ግንድ አይደለም። የቅጠሎቹ እግር አንዱ በአንዱ ላይ እንደ ጋቢ ተደራርቦ የሠራው ነው። አዲስ ቅጠል የምትወልደው ለጋ ክፍል የምትገኘው ከታች በአምቾው አናት ላይ፥ በዚህ ሁሉ ሽፋን መካከል ነው። ውርጭ የሚያቃጥለው ወደ ሰማይ የተዘረጋውን ቅጠል ነው። እናቲቱ ክፍል ከዳነች እንሰቱ አልሞተም ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ አዲስ ቅጠል ያወጣል።

በእንግሊዝና በሌሎችም ብርዳም የኤውሮጳ አገሮች ለጌጥ የሚተከል የጃፓን ሙዝ የሚሉት ዐይነት አለ። አትክልተኞቹ ብርዱ ከመበርታቱ በፊት ግንዱን በገለባ ይጠቀልሉታል፤ እግሩንም በገለባና በደረቅ ቅጠል ይከምሩበታል። ቅጠሉ ሁሉ ቢቃጠል እንኳ ከመሬት በታች ያለው ክፍል ከዳነ፥ ብርዱ ሲያልፍ እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ለእኛም እንሰት የሚሠራው ሕግ ይኸው ነው፤ ቅጠል ቢሄድ ይመለሳል፥ እግሩን ጠብቁ።

2ኛ. ውርጭ የሚወርደው የትና መቼ ነው?

ውርጭ የሚመጣው ደመናና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ደመና ለመሬት እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ መሬት ቀን የጠጣችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ከመሬት አጠገብ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል እየፈሰሰ ሄዶ በጎድጓዳ ቦታ ይተኛል። ከዚህም የተነሣ በአንድ መንደር ውስጥ ከላይ ያለው ጓሮ ደኅና አድሮ ከታች ያለው ይቃጠላል።

ስለዚህ የችግኝ መደባችሁን በጎድጓዳ ቦታ አታድርጉ። ተዳፋቱ ወገብ ላይ፥ ከቤት አጠገብ ይሁን። ከጓሮው በታች ጥቅጥቅ ያለ አጥር ካለ የወረደውን ብርድ እንደ ግድብ ያቆመዋልና፥ ከታች በኩል መውጫ ክፈቱለት።

ለችግኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ከበላያቸው በአጫጭር እንጨት ላይ የሣር ወይም የደረቀ ኮባ ጣሪያ ሥሩላቸው። ከሥራቸው ብቻ ሣር መጐዝጐዝ አይበቃም፤ እንዲያውም ጉዝጓዙ የመሬቱን ሙቀት ይዞ ስለሚያስቀር ቅጠሉ የባሰ ይቀዘቅዛል። በእነዚህ ወራት ለጋ ችግኝ ነቅላችሁ ወደ ሜዳ አታዛውሩ። ሥር ያልያዘ ችግኝ ውርጭ ሲመታው የሚያገግምበት አቅም የለውም። ለትልልቆቹ ግን በእግራቸው ዙሪያ ፍግና ደረቅ ቅጠል መከመር እናቲቱን ክፍል ይጠብቃል፤ ለዝናቡም ወራት ምግብ ይሆናል።

3ኛ. ውርጭ ነው ወይስ አጠውልግ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የጠቆረውን ቅጠል ያየ ሰው ከሁለት አንዱን ሊያደርግ ይችላል። አንዱ እንሰቱ ሞቷል ብሎ ይነቅለዋል፤ በሕይወት ያለውን ተክል በገዛ እጁ ይገድላል። ሌላው ቅጠሉን ሁሉ ለማጽዳት ብሎ አንዲቱን ቢላዋ ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወረ ይቆርጣል። በጓሮው ውስጥ አንድ የታመመ እንሰት ካለ በሽታውን በዚያች ቢላዋ ለሁሉ ያከፋፍለዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ውርጭ የመታው ጓሮ ያገግማል፤ አጠውልግ የገባበት ግን ባዶውን ሊቀር ይችላል።

አጠውልግ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። ይህንን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ጽፈው አስታወቁ። በ1974 ደግሞ ሙዝንም እንደሚይዝ ገለጡ። በ2001 በኡጋንዳ የሙዝ እርሻ ላይ ታይቶ ከዚያ ወዲህ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ ብዙ ጥፋት አድርሷል። የጓሮ ሙዝ ያላችሁም ልትጠነቀቁ ይገባል።

ሁለቱን በአራት ምልክት ትለያላችሁ።

ሀ) በጊዜው። ውርጭ በአንድ ሌሊት ይመታል። አጠውልግ ግን ቀስ በቀስ በቀናትና በሳምንታት የሚታይ ነው፤ ክረምት ከበጋም አይመርጥም።

ለ) በቦታው። ውርጭ በጎድጓዳው ያለውን ተክል ሁሉ ባንድነት ይመታል፤ ድንቹና ለስላሳው ሣርም አብሮ ይጠቁራል። አጠውልግ አንዱን ይዞ ጎረቤቱን ይተዋል፤ ቈይቶ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ሐ) በቅጠሉ። ውርጭ የሚጀምረው ከላይ ከተዘረጋው ቅጠል ነው፤ ከመካከል የተጠቀለለው ለጋ ቅጠል ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አጠውልግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመካከለኛው ለጋ ቅጠል ይጀምራል። ቅጠሉ ይገረጣል፥ ይጠወልጋል፥ ከዚያም ከአንገቱ ተሰብሮ ይንጠለጠላል።

መ) በፈሳሹ። የተጠራጠራችሁትን አንድ ቅጠል ከእግሩ ቈርጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከተቈረጠው ላይ ወፍራም፥ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ዝልግልግ ነገር ነጠብጣብ እየሆነ ከወጣ አጠውልግ ነው። ይህን የቈረጣችሁበት ቢላዋ በእሳት ሳያልፍ ሌላ ተክል አይንካ።

4ኛ. ውርጭ ከሆነ

የመጀመሪያው ሥራ መታገሥ ነው። የተቃጠለውን ቅጠል ወዲያው አትቍረጡ። የደረቀውም ቢሆን በግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ለሚቀጥለው ሌሊት መከለያ ይሆናል። የማይቈረጥ ተክል ደግሞ ቁስል የለውም፤ ቁስል ከሌለው ለበሽታ በር አይከፍትም።

እንሰቱ በሕይወት እንዳለ ለማወቅ ከመካከል የተጠቀለለውን ለጋ ቅጠል ከጉሮሮው በሚወጣበት ቦታ በቀጭን ቃጫ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ቀን ቈይታችሁ ተመልከቱ። ቃጫው ከፍ ብሎ ካገኛችሁት ቅጠሉ እያደገ ነው፤ እንሰቱ ድኗል። ካልተነሣም በብርድ ወራት ዕድገት ዘገምተኛ ነውና እስከ አንድ ወር ታገሡት። የሚነቀለው መካከሉ ለስልሶና በስብሶ የሚሸት ከሆነ ብቻ ነው።

5ኛ. አጠውልግ ከሆነ

እዚህ ላይ መታገሥ አይገባም። የታመመውን ከነአምቾው ነቅላችሁ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። በጤናሞቹ መካከል አትጐትቱት፤ ለከብት አትስጡት፤ ወደ ወንዝ አትጣሉት። በነቀላችሁበት ቦታ ቢያንስ ስድስት ወር፥ ቢቻል አንድ ዓመት እንሰት አትመልሱ፤ ጎመን ወይም ሌላ ሰብል አብቅሉበት። ከታመመ ጓሮ ችግኝ አትውሰዱ፥ ለዘመድም ቢሆን አትስጡ። አምቾ እየበሉ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሄዱትን ፍልፈልና ጃርትንም ተከላከሉ።

ከሁሉ በላይ ቢላዋውን ጠብቁ። ከአንድ እንሰት ወደ ሌላው ስትሄዱ ስለቱን ግራና ቀኙን በእሳት ነበልባል አሳልፉት፤ እጅ ሊነካው እስከማይችል ድረስ ይሙቅ። ሥራ እንዳይጓተት ሁለት ቢላዋ ያዙ፤ አንዱ ሲቈርጥ ሌላው ከእሳት ዘንድ ይሁን። እናቶች ቆጮ የምትፍቁበትም መሣሪያ እንዲሁ ነው፤ በተለይ ከጎረቤት በውሰት የመጣ እንደ ሆነ።

ከእንሰት ዐይነቶች መካከል በሽታውን ከሌሎቹ የተሻለ የሚቋቋሙ አሉ፤ ከእነርሱም በወላይታ የታወቀው ማዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ በጓሮ አንድ ዐይነት ብቻ አትትከሉ። የአያቶቻችን ጓሮ ብዙ ዐይነት የነበረበት ያለ ምክንያት አልነበረም።

በመጨረሻም ይህ ነገር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ቢላዋውን ሲያጸዳ ጎረቤቱ የታመመውን ለከብት የሚያበላ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለ ሆነም በደቦ ስትገናኙ፥ በዕድርም ስትሰበሰቡ ተነጋገሩበት፤ የታመመ ያየ ሰውም ሳያፍር ይናገር። በጓሮው በሽታ መግባቱ ነውር አይደለም፤ መደበቁ ግን መንደሩን ሁሉ ይጎዳል።

እንግዲህ የነገርኋችሁን በአጭሩ ያዙ። ችግኙን ከበላዩ ሸፍኑ፥ የትልቁን እግር ከምሩ። ቅጠል ጠቁሮ ስታገኙ ምልክቶቹን ተመልክታችሁ ለዩ። ውርጭ ከሆነ ታገሡ፤ አጠውልግ ከሆነ ፍጠኑ። በሁለቱም ጊዜ በእሳት ያላለፈ ቢላዋ ከጓሯችሁ አይግባ።