የፊልሙን ዋጋ ማን ከፈለ?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከጥቂት ጊዜ በፊት በአሶሳ ከተማ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ አምስት ስድስት የምንሆን የመሥሪያ ቤት ጓደኞች በአንድ ክፍል ተሰብስበን «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም በኮምፒዩተር ተመለከትን። ፊልሙ አብቅቶ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ ሁላችንም ዝም ብለን ነበር። በዕድሜ የሚበልጡን፣ የመንጌ ተወላጅ የሆኑ አንድ ባልደረባችን ግን መነጽራቸውን አውልቀው «ለመሆኑ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያወጣ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ከመካከላችን አንዱ «አሜሪካኖች ናቸዋ!» ብሎ መለሰ። መልሱ ትክክል አልነበረም፤ ጥያቄው ግን እንደ ቀላል የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘሁት የዛሬውን ንግግሬን በዚሁ ላይ ለማድረግ ወሰንሁ።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ሲኒማ ቤት ገብተን ስንወጣ በልባችን የሚቀረው የተዋናዩ መልክ ነው። ጥቂት ጠለቅ ብሎ የሚያይ ሰው የዲሬክተሩን ስም ይጠይቃል። ፕሮዲዩሰር የሚባለውን ሰው ግን የሚያስታውሰው የለም። እርሱ ድርሰቱን የሚመርጥ፣ ገንዘቡን ፈልጎ የሚያገኝ፣ ውል የሚዋዋል፣ በመጨረሻም ፊልሙ ለሕዝብ እንዲታይ የሚያደርግ ነው። በእኛ በመንግሥት ሠራተኞች ቋንቋ ብንናገር፣ በጀቱንም ማኅተሙንም በአንድ እጁ የያዘ ኃላፊ እንደ ማለት ነው። በሆሊውድ የኦስካር ሽልማት ሲታደል የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚባለውን የመጨረሻውን ሽልማት መድረክ ላይ ወጥቶ የሚቀበለው ዲሬክተሩ ሳይሆን ፕሮዲዩሰሩ መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? የታሪኩ ባለቤት ማን እንደ ሆነ በዚያ አገር በግልጽ ይታወቃል ማለት ነው።

«ሳንኮፋ»ን የጻፉት፣ ያዘጋጁትና ገንዘቡን ያሰባሰቡት ግን የሆሊውድ ባለጸጎች አይደሉም፤ የጎንደሩ ተወላጅ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው አቶ ገሪማ ታፈረ መምህርና ደራሲ ነበሩ፤ «ጎንደሬ በጋሻው» በተባለው መጽሐፋቸው የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ የጻፉ ሰው ናቸው። ቴአትርም ይደርሱና ያሳዩ ስለነበር ልጃቸው መድረክን ያወቀው ገና በሕፃንነቱ ነው። ነገር ግን ልጁን ሌላም መምህር ያስተምረው ነበር፤ ይኸውም በጎንደር ሲኒማ ቤት የሚታየው የሆሊውድ ፊልም ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ራሳቸው እንደሚያወሱት፣ የታርዛን ፊልም በሚታይበት ጊዜ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሊይዙት ሲመጡ እርሳቸውና ጓደኞቻቸው እየጮሁ ታርዛንን ያስጠነቅቁት ነበር። እስኪ አስቡት፤ የአርበኛ ታሪክ ጸሐፊ ልጅ በአባቱ አገር ተቀምጦ፣ እርሱን ለመሰለው ሰው ሳይሆን ለባዕዱ ሲጮህ!

በ1960 ዓ.ም. ገደማ ቴአትር ለመማር ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው የፊልምን ሥራ ተማሩ። ዩኒቨርሲቲው ለሆሊውድ ጎረቤት ነው። ቻርልስ በርኔትንና ጁሊ ዳሽን የመሳሰሉ ጥቁር ተማሪዎች በዚያ ነበሩ፤ እነዚህ ወጣቶች በጎረቤታቸው ደጃፍ ቆመው ለመግባት ከመለመን ይልቅ የራሳቸውን ፊልም መሥራት ስለ ጀመሩ በኋላ ዘመን የተነሡ ጸሐፊዎች «የሎስ አንጀለስ ዐመፅ» የሚል ስም ሰጧቸው።

የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት በሚወድቅበት ወቅት ፕሮፌሰር ኃይሌ ወደ አገራቸው ተመልሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀረጹ። ተዋናዮቹ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ሲሆኑ፣ ታሪኩ ለባላባት የሚያርስ የአንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ኑሮ ነው። በ1968 ዓ.ም. ለዓለም ከታየ በኋላ በስዊስ አገር በሎካርኖ የፊልም በዓል ተሸለመ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዋሽንግተን ከተማ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ለብዙ ዓመታት ኖሩ። የመምህርነቱ ደመወዝ ለእንጀራ፣ ፊልሙ ደግሞ ለነፍስ ሳይሆን አልቀረም፤ ይህ እንግዲህ የእኔ ግምት ነው።

አሁን ወደ «ሳንኮፋ» ልመለስ። ቃሉ በጋና አገር የአካን ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ተመልሰህ የተውኸውን አንሣ እንደ ማለት ነው። ሞና የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት የውበት ሞዴል፣ ባሮች በመርከብ ይጫኑበት በነበረው በጋና የባሕር ዳር ምሽግ ፎቶግራፍ ስትነሣ ትታያለች፤ በኋላም በመንፈስ ወደ ጥንቱ ዘመን ተወስዳ ሾላ የተባለች ባሪያ ሆና በእርሻ ቦታ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ብታዩት ይሻላል። ይህን ብቻ ልናገር፦ በፊልሙ ውስጥ ባሮቹን ነፃ ለማውጣት የሚመጣ ደግ ነጭ ሰው የለም፤ በወገኑ ላይ ጅራፍ እንዲያነሣ የተሾመ ጥቁር አለቃ ግን አለ።

እንዲህ ላለው ታሪክ ሆሊውድ ገንዘብ አልሰጠም። ፕሮፌሰር ኃይሌና ባለቤታቸው ወይዘሮ ሺሪኪያና አይና ገንዘቡን ከጋና፣ ከቡርኪና ፋሶ፣ ከጀርመንም ጭምር ለማሰባሰብ ወደ ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ወርቁን ያበደረው ሰው ታሪኩንም አብሮ እንዳይወስድባቸው ሲሉ ዕድሜያቸውን ከፈሉ። ፊልሙ በ1985 ዓ.ም. በበርሊን የፊልም በዓል ለውድድር ቀረበ። ሆኖም በአሜሪካ ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ኩባንያ ጠፋ። በዚህን ጊዜ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት በገዛ ገንዘባቸው ተከራይተው አሳዩት። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ትምህርት ቤት እየተዛመተ ሰልፉ ለብዙ ሳምንታት አልተቋረጠም፤ በዚያው ዘዴ ፊልሙ ወደ ሌሎች ከተሞች ተሻገረ። በኋላም ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት «ሳንኮፋ» የተባለ የመጻሕፍትና የፊልም መደብር ከፈቱ።

የአሶሳ ሰዎች ይህን ፊልም ስናይ ለምን ዝም አልን? ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነው፤ ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። በ1813 ዓ.ም. የግብጹ መሐመድ ዓሊ ጦር ወደ ሱዳን ሲዘምት የፈለገው ወርቅና ባሪያ ነበር፤ ፍለጋውም እስከ ፋዞግሊና እስከ ቤኒሻንጉል ጠረፍ አደረሰው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ዘምተው አገሩ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋራ ከተጠቃለለ በኋላም ወደ መሐል አገር ከሚሄደው ግብር መካከል ወርቅና ሰው አብረው ይገኙ ነበር። ሻጩም ገዢውም ባዕድ ብቻ አልነበረም። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን የባሪያን ንግድ የሚከለክል ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነት ፈጽሞ በሕግ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። በሰው ዕድሜ ብንቆጥረው ከአንድ ሽማግሌ ዘመን እምብዛም አይበልጥም። በየቢሮአችን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ይህን ነገር ጨዋነት መስሎን አናነሣውም፤ አልፎ አልፎ ግን ከአንዳንዱ ሰው አፍ ሳያስበው የሚወጣው ስድብ ከዚያው ዘመን የተረፈ ነው።

ፕሮፌሰር ኃይሌ ከዚህ በኋላ ብዙ ደክመው «ጤዛ»ን ሠሩ፤ እርሱም በ2000 ዓ.ም. በቬኒስ፣ በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ ከፍተኛ ሽልማት አገኘ። የሚያስገርመው በመስከረም 2014 ዓ.ም. የሆነው ነው። የኦስካርን ሽልማት የሚሰጠው አካዳሚ በሎስ አንጀለስ ባቋቋመው የፊልም ሙዚየም በዓል ላይ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሆሊውድ ውጭ የሠሩትን እኒህን ሰው ሸለማቸው፤ «ሳንኮፋ»ም በዲሬክተሯ በኤቫ ዱቬርኔይ ድርጅት አማካይነት ታድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም ታየ። እኛም በአሶሳ ልናየው የቻልነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ለባልደረባችን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ በልጅነቷ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ስላልተመለሰች የእናታቸው አክስት አወሩኝ። እናታቸው ስሟን የሚያነሡት ማታ፣ ልጆች የተኙ ሲመስላቸው ነበር። ስሙን ግን እርሳቸው ረስተውታል። መንጌ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንዲት ዘመድ ስላሉ ምናልባት ያስታውሱ ይሆናል ብለው የሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቁ፤ ድምፅ መቅረጽ የሚችል ስልክ ከልጃቸው ተውሰው ዐርብ በማለዳ በአውቶቡስ ሄዱ።