የሥራ ልብስና የሥራ ጫማ፦ ውድ መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)






በእንዲህ ያለው ቀን ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እህል ግብይት መነገሩ የተለመደ ነው። ዛሬ የሚነሳው ጉዳይ ከእነዚህ ያነሰ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከአርሶ አደሩ ገላ ጋር የተጣበቀ ጉዳይ ነው። እርሱም የሥራ ልብስና የሥራ ጫማ ነው። አርሶ አደሩ ለበሬው ቀንበር ሲመርጥ እንጨቱን አገላብጦ ያያል፤ ማረሻ ሲገዛ ብረቱን አንኳኩቶ ያዳምጣል። ለገዛ እግሩ ሲሆን ግን "የተገኘው ይበቃል" ብሎ ያልፋል።

በሐይቅም ሆነ በውጫሌ ገበያ ሁለት የጎማ ቦቲዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። መልካቸው አንድ ነው፤ የአንዱ ዋጋ ግን ከሌላው እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ሻጩ "ይኼ ኦሪጅናል ነው" ይላል። ገዢው ቆሞ ያስባል፤ ልዩነቱ የጥራት ነው ወይስ የስም? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ያ ገንዘብ ለልጅ ደብተር፣ ለበግ መግዣ ወይም ለማዳበሪያ ቅድመ ክፍያ ሊውል የሚችል ገንዘብ ነውና።

ልብሱ ለየትኛው ሥራ?

ውድ ልብስ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ለሚለው ጥያቄ አንድ ወጥ መልስ የለም። አስቀድሞ ሥራው መታየት አለበት። በአምባሰል ደጋ በብርድ ከብት የሚጠብቅ፣ በቆላው በፀሐይ ማሽላ የሚያጭድና በሐይቁ ዳር በመስኖ አትክልት የሚያለማ አርሶ አደር አንድ ዓይነት ልብስ አያስፈልጋቸውም። የወሎ ደጋ ሰው ከበግ ፀጉር በርኖስ ሠርቶ መልበሱ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በረባሶ ቆርጦ መጫማቱ ይህንኑ ያስረዳል። በርኖሱ ዝናብና ብርድ ይመክታል፤ በረባሶው እሾህ አያሳልፍም። ሁለቱም የተሠሩት ለታወቀ ሥራ ነው፤ የስም ዋጋ አልተጨመረባቸውም።

ስም ሥራን ሲቀድም ምን እንደሚሆን ከውጭው ዓለም የጂንስ ሱሪ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1873 ጄኮብ ዴቪስ የተባለ ልብስ ሰፊና ሌቪ ስትራውስ የተባለ ነጋዴ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ያስመዘገቡት የሱሪን ኪስ ማዕዘን በመዳብ ምስማር ለማጠንከር ነበር። ዓላማው ግልጽ ነው፤ የጉልበት ሠራተኞች ኪስ እየተቀደደ ስላስቸገረ ነው። ኋላ ግን ያው ሱሪ የዘመናዊነት ምልክት ሆነ፤ ዛሬ በከተማ ሱቅ ሆን ተብሎ የተቀደደ ጂንስ ከጤነኛው በላይ ሲሸጥ ይታያል። እንግዲህ ዋጋው ከፍ ያለ ሁሉ ለሥራ የበረታ ነው ማለት አይደለም።

እግር ሲራቆት

ዋጋ የማይቆጠብበት ቦታ ካለ ግን እግር ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሚሠራ ሰው ፖዶኮኒዮሲስ ለተባለ የእግር እብጠት ይጋለጣል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ በኩል ገብተው የሚያመጡት ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው ጥናት ላይ የተመሠረተው ግምት የታማሚዎቹን ቁጥር ወደ 1.5 ሚሊዮን ያደርሰዋል፤ የአማራ ክልልም በብዛት ከተጠቁት መካከል ነው። መከላከያው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ።

በመስኖ የሚሠራው ደግሞ ሌላ ጠላት አለበት። ቢልሃርዚያ በቆመና ቀስ ብሎ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ በኩል የሚገባ በሽታ ነው፤ በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ምርመራም ተገኝቷል። በዚህ ውኃ ውስጥ ለሚቆም ሰው በረባሶም ሆነ ኮንጎ ጫማ አይረዳውም፤ ውኃ የማያስገባ ቦቲ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታሰብ አለበት። በብዙ ቤት ጥሩው ቦቲ የሚገዛው ለአባወራው ነው። እማወራዋ በአረም ላይ ስትጎነበስ፣ ልጆች ውኃ ሲቀዱ እግራቸው ባዶ ነው። አንዳንዴም ያው የአባወራው ሰፊ ቦቲ በተራ ይደረጋል፤ ሰፊ ቦቲ ደግሞ ያቆስላል፣ በጭቃም ይጥላል። ስለዚህ በቤቱ ያለው ገንዘብ ለአንድ ሰው ውድ ጫማ ወይም ለቤተሰቡ ሁሉ መጠነኛ ጫማ የሚበቃ ከሆነ፣ የቤተሰቡ ሁሉ እግር መሸፈኑ ይቀድማል። ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ ውድ ጫማ በየቀኑ የሚደረግ ኮንጎ ጫማ ይሻላል። ጥራት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

የሚከተሉት ቁጥሮች ለማስረጃ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ርካሹ ቦቲ 600 ብር ይሁን፤ የሚቆየው አንድ ክረምት ነው። ውዱ 1,500 ብር ይሁን፤ የሚቆየው ሦስት ክረምት ነው። በሦስት ዓመት በርካሹ የሄደ 1,800 ብር ያወጣል፤ በውዱ የሄደ 1,500 ብር። ውዱን የገዛ 300 ብር አተረፈ ማለት ነው። በሐምሌ ጭቃ ቦቲው ተሰንጥቆ እግሩ ቆስሎ የቀረባቸው የአረም ቀኖች በዚህ ሒሳብ ውስጥ ገና አልገቡም።

ነገር ግን ይህ ሒሳብ የሚሠራው ገንዘቡ በእጁ ላለ ሰው ነው። ቦቲ የሚፈለገው በሰኔ ነው፤ የአርሶ አደሩ ኪስ የሚራቆተውም በሰኔ ነው። ልዩነቱን 900 ብር ከአራጣ አበዳሪ በወር አሥር በመቶ ተበድሮ በጥር ቢከፍል፣ የሰባት ወሩ ወለድ ብቻ 630 ብር ይሆናል። 300 ብር ለማትረፍ 630 ብር ወለድ የከፈለ ሰው 330 ብር ከሰረ። ያንኑ ገንዘብ ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ በዓመት አሥራ አምስት በመቶ ቢወስድ ግን የሰባት ወሩ ወለድ ወደ 79 ብር ስለሚሆን ከ220 ብር በላይ ይተርፈዋል። እህሉን በሸጠበት በጥርና በየካቲት አስቀድሞ ቢገዛ ደግሞ ትርፉ ሙሉ ነው። ስለዚህ ውድ ዕቃ ማዋጣቱ የሚወሰነው በጥራቱ ብቻ ሳይሆን፣ መቼና በማን ገንዘብ እንደተገዛ ጭምር ነው።

ጥራትን በዓይንና በእጅ መለየት

ቦቲ ሲገዛ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በኃይል ይታጠፍ። መታጠፊያው ነጭ መሥመር ካወጣ ወይም ጭረት ካሳየ ጎማው ደካማ ነው። ከሶሉ ጋር የተገናኘበት ቦታ በጣት ይዳሰስ። ሱሪና ጃኬት ሲሆን ጨርቁ ወደ ብርሃን ተይዞ ይታይ፤ ብርሃን በቀላሉ የሚያሳልፍ ሽመናው የሳሳ ነው። ስፌቱ በጉልበት፣ በመቀመጫና በብብት ድርብ መሆን አለበት። ካኪና ጂንስ ላይ ወደ ጎን ያዘመመ መሥመር ይታያል፤ ይህ ሽመና ከተራው አቡጀዲ ይልቅ ፍትጊያን ይችላል።

ጥጥ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ የሚለውን ለማወቅ ከውስጥ ጠርዙ አንዲት ክር ተመዝዛ በጥንቃቄ ትቃጠል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ይህ ለምድጃ ዳር ሥራ ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ የቀለጠ ጨርቅ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ቃጠሎውን ያብሳል። ለእሳት ዳር ጥጥ፣ ለዝናብ ደግሞ ውኃ የማያሳልፍ ካፖርት ተገቢ ነው።

ብዙ ሰው ወደ ልባሽ ጨርቅ የሚያዘነብለው አንዳንዱ ጃኬትና ሱሪ በጨርቁ ጠንካራ በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው፤ በኮንትሮባንድ የሚመጣ ዕቃ ቢበላሽ መመለሻ የለውም። ለአገር ውስጥ ፋብሪካ ገበያም መሻማት ነው። ከሐይቅ ሩቅ ባልሆነችው ኮምቦልቻ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መቋቋሙ መዘንጋት የለበትም።

የገዙትን መያዝም ከመግዛት እኩል ነው። ቦቲ ታጥቦ በጥላ ይደርቃል፤ በእሳት ዳር ወይም በጠራራ ፀሐይ የተሰጣ ጎማ ይሰነጠቃል። የቆዳ ጫማ ሞራ ሲቀባ ዕድሜው ይረዝማል።

በርጭት ቀን

ቱ-ፎር-ዲም ሆነ ሌላ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ተራ ሸሚዝ ከለበሰ ጨርቁ መድኃኒቱን መጥጦ ገላው ላይ ያቆየዋል። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ሲያፈስ ደግሞ መጀመሪያ የሚርሰው ጀርባ ነው። የጎማ ጓንት፣ ቦቲ፣ የፊት መሸፈኛ፣ የዓይን መከላከያና ፈሳሽ የማያስገባ ልብስ ያስፈልጋል። ሱሪው ከቦቲው ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ የሚንጠባጠበው ሁሉ ወደ እግር ይወርዳል። የርጭት ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠባል።

ይህ ሙሉ ልብስ ውድ ነው፤ አንድ አባወራ የሚለብሰውም በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ አባል መግዛት አያዋጣም፤ ያለ እርሱ መርጨትም ነፍስን ማስያዝ ነው። መፍትሔው በመሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን በጋራ መያዝ፣ በመዝገብ ማዋስ፣ ከእያንዳንዱ ርጭት በኋላ ታጥቦ መመለሱን ማረጋገጥ ነው።

የማኅበሩ ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ሸማኔዎች የሚገኙባቸው ሃያ ስምንት መሥራቾች ሱቅ ሲከፍቱ ያቀረቡት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና ሻማ የመሳሰለውን ነበር። የታወቁት ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ዕቃ፣ በትክክለኛ ሚዛን በመሸጣቸው ነው። የኅብረት ሥራ ሱቅ ከመሠረቱ የመታመን ሱቅ ነው።

በዚህም መሠረት ዩኒየኑና አባል ማኅበራቱ ሊወስኗቸው የሚችሉ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በብዛት ከመገዛቱ በፊት ጥቂት ጥንድ ቦቲ ለወንዶችም ለሴቶችም ተሰጥቶ አንድ ክረምት በጭቃና በመስኖ ይፈተን፤ በቦቲ ማረስ የሚከብዳቸው አርሶ አደሮች አስተያየትም ይደመጥ። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ የሴቶችንና የልጆችን ቁጥር ያካትት። ሦስተኛ፣ ምዝገባውና ክፍያው አባሉ እህል በሚሸጥበት በጥርና በየካቲት ይሁን። አራተኛ፣ በውሉ ላይ የተበላሸ ዕቃ የሚመለስበት ጊዜ ይጻፍ። ይህ ሁሉ በጠቅላላ ጉባኤ የሚወሰን ነው፤ በዚያም አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለአባላት የሰጠው መብት በእንዲህ ያለ ጉዳይ ካልተሠራበት ወረቀት ላይ ይቀራል።

የወረዳ ግብርናና የጤና ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። ስለ ርጭትና ስለ እግር ንጽሕና የሚሰጠው ትምህርት ከቦቲው ዕደላ ጋር በአንድ ቀን ቢሰጥ ሁለቱም ይጠናከራሉ።

ሲጠቃለል፣ ውድ ልብስ የሚያዋጣው በሰውና በአደጋ መካከል ሲቆም፣ ጥራቱ ሲፈተንና ያለ አራጣ ሲገዛ ነው። ለስም የሚከፈል ብር ግን ከአርሶ አደሩ ጓሮ የወጣ ብር ነው። "አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ" የተባለው ለእርሻ ነው፤ ለእግርም ይሠራል። አንድ ሰው ብቻውን ከነጋዴ ጋር ሲከራከር የማያገኘውን ዋጋና ዋስትና፣ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ሲጠይቅ ያገኘዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና።